የመኪናዬ የውሸት ጩኸት

እናንተዬ፣ “ዝም አይነቅዝም” ያለው ሰው መኪና ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ስለ እኔ መኪና የተናገረ ግን ይመስለኛል። በዚህ ዓመት ጂንካ ላይ ያየሁትን አበሳ ሁሉ ያመጣብኝ ጩኸት ነው። ያውም የራሴ ጩኸት ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ከኋላ የተቀመጡት “መምህር፣ አይሰማም” የሚሉኝ ሰው ነኝ። የጮኸችው መኪናዬ ናት፤ የጮኸችውም በውሸት ነው።

መኪናዋን አልገዛኋትም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ስፖርት መኪና ሊገዛ ቀርቶ ስፖርት ጫማ ሲገዛም ሁለት ጊዜ ነው የሚያስበው። አዲስ አበባ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ላጤ ሳለ ለጉራ የገዛት ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ቀይ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረችው። አግብቶ መንታ ሲወለድለት መንታውንና እናታቸውን በሁለት በር እያጎነበሰ ማስገባትና ማስወጣት ወገቡን ጨረሰው። አንድ ቀን ደውሎ “ውሰዳት፣ የአንተ ናት” አለኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላሉ። እኔም ሳሩን አይቼ ዘለልኩ። በኢሱዙ ተጭና ጂንካ ገባች።

የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ እንደሌላት ታውቃላችሁ፤ የሚነድ ነዳጅ የላትማ። ይኼ ነገር ግን ስፖርት መኪና ወዳጆችን ቅር ሳያሰኛቸው አልቀረም። ስለዚህ ሠሪዎቿ ከሥሯ ስፒከር ገጥመው የሞተር ድምፅ አስቀድተውላታል። ስትነሳ ታጓራለች፤ ስትረግጧት ታገሳለች፤ ስትቆም ደግሞ እንደ ደከመው ሰው ታለከልካለች። ይኼን ሁሉ የምታደርገው ምንም ሳይደክማት ነው።

የመጀመሪያውን ወር ወደድኩት፤ ምን እዋሻችኋለሁ። ግቢያችን በር ላይ ስደርስ ጥበቃዎቹ ብድግ ይሉ ነበር።

ከዚያ ቤንዚን ጠፋ።

ጂንካ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ይደረደራሉ፤ ሾፌሮቹ እግራቸውን በበሩ አውጥተው ይተኛሉ፤ ሞተር ሳይክል እየተገፋ ዳገት ይወጣል። ከተማው ጭር ይላል። በዚያ ሁሉ ጭርታ ውስጥ በየጠዋቱ የምታገሳ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። ነጂዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከመሪው ጀርባ አንገቴን ቀብሬ።

የሰፈራችን የባጃጅ ሾፌር መሌ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

“መምህር፣ ከየት ነው የምታገኘው? ለእኛም ጠቁመን እንጂ።”

“ምኑን?”

“ቤንዚኑን ነዋ።”

“መሌ፣ ይቺ እኮ የኤሌክትሪክ ናት።”

መሌ እንደ ሞኝ ስለቆጠርኩት አዘነብኝ። “የኤሌክትሪክማ አዲስ አበባ አይቻለሁ፤ አጠገብህ እስክትደርስ አትሰማትም። ይቺ የሲኖትራክ እናት ናት!”

ልብ አድርጉልኝ፤ የማያውቅ ሰው ቢሆን ላስረዳው እችል ነበር። የፈረደብኝ የሚያውቅ ሰው ነው። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋ። እኔ ሌሊቱን ሞልቻት ስለነበር መብራት በሌለበት ከተማ እያገሳሁ ሥራ ሄድኩ። ከዚያ በኋላማ ማን ይመነኝ? የማላውቃቸው ሰዎች ባዶ ጄሪካን ይዘው ደጄ ላይ ሰላምታ ያበዙ ጀመር። የለኝም ስላቸው “ይሁን፣ ለሰው ሰው ነው መድኃኒቱ” ብለው አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። እንደዚያ ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ከቀበሌም መጡ። ሁለት ሰዎችና አንድ ፖሊስ ሆነው ደብቋል የተባለውን በርሜል ፍለጋ የአከራዬን የጋሽ ወንድሙን ጓሮ ዞሩ። በርሜልስ ተገኘ። ፖሊሱ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ ጣቱን ነክሮ እንደገና አሸተተ፤ ጋሽ ወንድሙ ለገላቸው ያጠራቀሙት ውሃ ነበር። ሰዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ቢወጡም ወሬው አብሯቸው ወጣ፤ ማታውኑ “መምህሩ ጋ በርሜል ተገኘ” ተብሎ ተወራ። ውሃ ይሁን ቤንዚን የጠየቀ የለም።

ይኼን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአስቴር አባት መስማታቸውን ነው።

አስቴር መድኃኒት ቤት የምትሠራ የጂንካ ልጅ ናት። ሳል ይዞኝ ሄጄ፣ ሳሉ ከለቀቀኝ በኋላም እያሳልኩ ስመላለስ ነው የተግባባነው። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነን። ምን እንደምናደርግ ስንነጋገር ዓመት ፈጅተን፣ አልቅሰን፣ ጸልየን፣ በመጨረሻ ተስማምተን ነበር። አባቷን ጋሽ ጴጥሮስንም በብዙ ልመና አለሳልሳቸዋለች። የሚቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። በሃይማኖት ተስማምተን በቤንዚን ልንለያይ ነው እንግዲህ።

ጋሽ ጴጥሮስ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በሥራቸው ደግሞ ገበሬ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ነሪ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም አላቸው፤ ውሃውን የሚስቡት በቤንዚን ፓምፕ ነው። ፓምፑ ቆሟል፤ ሽንኩርቱ እየጠወለገ ነው። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ በዚያ ማሳ አጠገብ እያገሳሁ ነው ወደ ሥራ የምሄደው። ሰውየው ሁለት ሊትር ቤንዚን እንድሰጣቸው በልጃቸው በኩል ላኩብኝ። እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ የለኝም አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ባልዲ ተሸክመው ከወንዝ ሲወጡ በአጠገባቸው እያገሳሁ አለፍኩ። እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው፤ እሳቸው ባልዲያቸውን እንኳ አላወረዱም።

“አባዬ ምን አለኝ መሰለህ?” አለችኝ አስቴር። “ሁለት ሊትር ቤንዚን የሚነፍግ ሰው ነገ ለአንቺ ጨውም ይቆጥርብሻል አለኝ።”

“የኤሌክትሪክ ናት ብለሽ አልነገርሻቸውም?”

“ነገርኩት። ፍሪጅም የኤሌክትሪክ ነው፣ እንደዚያ ይጮኻል? አለኝ። ፍቅር ዓይን ያሳውራል ሲሉ እሰማ ነበር፣ ያንቺስ ጆሮሽንም ደፍኖታል አለኝ።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እኔን ግን እውነቱን ንገረኝ። ትንሽ እንኳ የለህም?”

ያን ቀን ነው ያቺን ድምፅ ላጠፋት የማልኩት። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት በሚቀጥለው እሑድ ነበርና ከዚያ በፊት መኪናዬ አፏን መዝጋት ነበረባት።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። “ሴቲንግ ውስጥ አለ” አለኝ።

“ሴቲንጉ በቻይንኛ ነው!”

“እሱማ ለእኔም በቻይንኛ ነበር። አንድ ጊዜ አግኝቼው ነበር፣ ዳግም አላገኘሁትም። ሚስቴም ያቺን መኪና የጠላቻት በዚሁ ነው። እንግዲህ በርታ!”

በረታሁ። ምስል እያየሁ ስነካካ የወንበሩ ማሞቂያ በራ። ለማጥፋት ብዙ ታገልኩ፣ አልጠፋም፤ ጂንካ ፀሐይ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ምጣድ ላይ ተቀምጬ ነዳሁ። ቀጥሎ አንዲት ቻይናዊት ከውስጥ ታወራኝ ጀመር። ምን እንደምትለኝ ባላውቅም ቃናዋ የተግሳጽ ነው። በመጨረሻ ኮምፒውተር የሚያስተምር ጓደኛዬ መጣልኝና በስልኩ ካሜራ ጽሑፉን ወደ አማርኛ እያስተረጎመ አራት የድምፅ ምርጫ አወጣ፤ “የከተማ ጨዋ”፣ “የተቆጣ ነብር”፣ “የሰማይ ፈረስ” እና “የዝምታ ንጉሥ”። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትነኩ ነበር? እኛም እሱን ነካን። ንጉሡ ግን ዝምታን የሚገዛት በጩኸት ኖሯል። እስከዚያ ቀን የጮኸችው ለካ በከተማ ጨዋ ነው! የጋሽ ወንድሙ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቻቸው አጥር ዘለሉ። ወደ ጨዋው ልንመልሳት ብንል ያ ገጽ የት እንደገባ ጠፋ።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ጓደኛዬ ቀስ ብሎ “ክፍል አለኝ” ብሎ ሄደ።

እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ቀድጄ፣ የቆዩ ካልሲዎቼን ሰብስቤ፣ መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ የስፒከሩን አፍ ጠቀጠቅሁት። ድምፁ ቀነሰ፤ ግን ተለወጠ። ማገሳቱ ቀረና ወፍራም፣ የታፈነ፣ ከሆድ የሚወጣ እምቧታ ሆነ። ቢሆንም ይሻላል ብዬ ተጽናናሁ።

በዚህ መሐል የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አስጠሩኝ። ለአንድ ሥልጠና ዲመካ የሚሄዱ ሁለት ባልደረቦች ነበሩ። “የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች ነዳጅ አጥተው ቆመዋል” አሉኝ። “አንተ ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለህ።” ማስረዳት ሰልችቶኝ ስለነበር እሺ አልኩ። ቅዳሜ በጠዋት ባልደረቦቼን አጣጥፌ ጭኜ፣ ሆዷን በየጉብታው እየፋቅሁ ወረድኩ።

ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ነው። ከተማው ሊገባ ጥቂት ሲቀረን አንድ የሐመር ሽማግሌ ከብት እየነዱ መንገዱን ሞልተውታል። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ፤ መኪናዬ እምቧ አለች። ከከብቶቹ መሐል አንድ ትልቅ ኮርማ ዞር አለ። ወደ እኛ መጥቶ አፍንጫዋ ፊት ቆመና መሬቱን በእግሩ ይጭር ጀመር። እኔ ደንግጬ ረገጥኳት፤ እሷም በኃይል እምቧ አለች። ኮርማው ቀንዱን ዝቅ አደረገ።

ሽማግሌው በትራቸውን አንስተው በመስኮቴ በኩል መጡ። ተቆጥተዋል።

“መኪናህ በሬዬን ለምን ትሰድባለች?” አሉኝ በአማርኛ።

“አባቴ፣ አትሳደብም፤ ስፒከር ነው...”

“እኔ እሰማለሁ፣ እሱ ይሰማል። ና ውጣ፣ እንዋጋ እያለች ነው። እሱ ከመጣ ቀንዱ ይሰበራል። ዝም በላት!”

አጠፋኋት። ኮርማው ግን አላመነም፤ መልሳ ብትሰድበውስ ብሎ እንደቆመ ቀረ። ከብቱ ሁሉ አልፎ፣ ሽማግሌው ተመልሰው አንገቱን እያሻሹ፣ እንደ ተቆጣ ልጅ እያባበሉ እስኪወስዱት ድረስ ላብ በላብ ሆነን ተቀመጥን። አንደኛው ባልደረባዬ “ስትመለስ አታስብ፣ እኛ በሚኒባስ እንመጣለን” አለኝ።

ቤቴ እንደደረስኩ የኩሽና ቢላ ይዤ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ወንድሜ ጋ ብደውል “ብርቱካን ቀለም ያለውን ሽቦ እንዳትነካ፣ ትሞታለህ!” አለኝ። ሌላውን ግን አልማርኩትም። በንዴት ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ቆረጥኩ፤ ወደ ስፒከሩ የሚሄድ የመሰለኝንም ቆረጥኩ። ስነዳት ጸጥ አለች። ከደስታዬ ብዛት መሪውን ሳምኩት።

ታዲያ ደስታዬ ገበያው መንገድ ድረስ ነው የቆየው። ሰው፣ ፍየልና ጋሪ መንገዱን ሞልቷል፤ መምጣቴን የሰማ የለም። ክላክስ ብጫን ዝም። ለካ ያንንም ቆርጬዋለሁ። ምን ላድርግ? አንገቴን በመስኮት አውጥቼ “እንለፍ! እንለፍ! እናቴ፣ ፍየሏን ይያዟት!” እያልኩ እየጮኽኩ ሄድኩ። የመኪናዬን አፍ ዘግቼ የእኔን ከፈትኩት ማለት ነው። ባጃጁ ውስጥ የተጋደመው መሌ ቀና ብሎ አየኝና ለጓደኞቹ በደስታ “አላልኳችሁም? አለቀበት!” አለ።

እሑድ፣ እነ ጋሽ ጴጥሮስ ከቸርች ሲመለሱ እንዲደርሱ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ አከራዬ ጋሽ ወንድሙና ሁለት ጎረቤቶቻቸው። ጋሽ ወንድሙ በእርቅ የታወቁ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ እሳቸው ካልተጠሩ ነገር አይበርድም። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ማን አጠፋ ብለው አይመረምሩም። የቀረባቸውን ሰው ይዘው “አጥፍቻለሁ በልና ይለቅ” ይሉታል። እኔ ግን አልሰጋሁም። መኪናዋን በየማታው የምሰካው ከሳቸው ሶኬት ነው፤ ከሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ባጃጅ ስለሌለ እኔው ልነዳቸው ሆነ። ጋሽ ወንድሙን ከፊት አስቀመጥኩ፤ ሁለቱን ከኋላ ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርጌ ከተትኩ። ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይታይም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ከጋሽ ጴጥሮስ አጥር ውጭ አቆምኩና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ በክንዳቸው ስቤ አወጣሁ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሲገቡ እኔ ወንበሬን አጋድሜ ተኛሁ። መስኮቱን ከፍቼው ነበር፤ እነሱም ከአጥሩ ወዲያ ማንጎው ሥር ነው የቆሙት። አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ጋሽ ወንድሙ አሳምረው ጀመሩ፤ “ልጅዎን ለልጃችን” ሲሉ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

“ልጃችሁ ያ መኪናው የሚጮኸው ነው?” አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

“አዎን።”

“ዛሬ አልሰማሁም።”

“አዎን፣ ዛሬ ዝም ብሏል።”

“ገባኝ። ቤንዚን ሲኖረው ነፈገኝ፤ ሲያልቅበት ልጄን ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። እኔ ሽንኩርቴ ደርቋል። ለሽንኩርቴ ያላዘነ ለልጄ ያዝናል?”

አሁን ይናገሩልኛል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ጋሽ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልክ ነዎት” አሉ። “አጥፍቷል።”

ከወንበሬ ቀና አልኩ።

“ወጣት ነው፤ ስስት ያዘው። እኛ ገሥጸነዋል። ጥፋቱን አምኗል። እንግዲህ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉት፣ እሱም ይካስ። አንድ ጄሪካን ቤንዚን ይስጥ፣ ነገር ይለቅ።”

“ሃያ ሊትር?” አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

“ሃያ ሊትር። የእኛ ቃል ነው።”

ነውሩን ረሳሁት፤ በሩን በርግጄ ወጣሁ። “ቤንዚን የለኝም!” አልኩ አጥሩን ጥሼ እየገባሁ። “ኖሮኝም አያውቅም! ጋሽ ወንድሙ፣ ከእርስዎ ሶኬት አይደለም እንዴ የምሰካት?”

ማንጎው ሥር ሁሉም ደነገጠ። አስቴር በር ላይ ብቅ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሽ ወንድሙ “አንተ ልጅ፣ የበረደ ነገር አታቀጣጥል!” ብለው ገላመጡኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን አልተቆጡም። ተነሥተው እኔን አልፈው ወደ መኪናዋ ሄዱና “ክፈት” አሉኝ።

ከፈትኩት። ሞተር ይኖርበታል የሚባለው የፊት ሳጥን ባዶ ነው፤ ከስፒከሩ ያወጣኋቸው ካልሲዎቼ ብቻ ነበሩበት። አጎንብሰው አዩ፤ እጃቸውን ከትተው ዳሰሱ።

“ሞተሩስ?”

“እንደሚያውቁት ዓይነት የላትም። በባትሪ ናት።”

“ታዲያ የሚጮኸው?”

ሥሯ ገብቼ የተቆረጠውን ስፒከር ጎትቼ አወጣሁና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። አገላብጠው አዩት። በቤተ ክርስቲያናቸው ስፒከር አለ፤ ያውቁታል።

“ለምንድነው የሚጮኸው?”

“ሞተር ያላት እንድትመስል።”

“ለማን?”

ወዳጆቼ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ይኼን ግን ማንም አላስተማረኝም። እሳቸውም ስፒከሩን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረጉት። ከዚያ ስፒከሩን መለሱልኝ።

“አንተ አልዋሸህም” አሉ። “የዋሸው ይኼ ነው። ልጄንም ጠይቄያታለሁ፣ ትፈልግሃለች። እኔ እሰጥሃለሁ።”

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። “ሃያ ሊትሩ ግን አለ።”

“ጋሽ ጴጥሮስ! አላጠፋሁም እኮ!”

“አላጠፋህም። ሽማግሌ ግን ቃል ሰጥቷል። በሽማግሌ ቃል የተጀመረ ጋብቻ ቃሉ ታጥፎ ይጀመራል?”

ጋሽ ወንድሙን አየኋቸው። አንገታቸውን በኩራት እየነቀነቁ “እውነት ነው፣ አይታጠፍም” አሉ።

ቤንዚን የመጣ ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤንዚን ወረፋ ያዝኩ፤ ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥዬ፣ በከተማው ባጃጆች ሁሉ መሐል። በጄሪካን የሚቀዳው ለፓምፕ መሆኑ ካልተመሰከረ ስለማይሰጥ ጋሽ ጴጥሮስ አብረውኝ ቆሙ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰዓታት ቆይተን ደረሰን፤ ጄሪካኑ እስከ አፉ ሞላ። በሁለት እጄ ተሸክሜው ስዞር መሌ ከባጃጁ ወርዶ መንገዴ ላይ ቆሟል።

“ኤሌክትሪክ ናት አላልከኝም ነበር፣ መምህር?”

አፌን ስከፍት ጋሽ ጴጥሮስ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉና ቀደሙኝ። ባጃጆቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቸርች ቆመው እንደሚመሰክሩት ተናገሩ።

“ይኼ አማቼ ነው” አሉ። “እውነተኛ ሰው ነው። ቤንዚን የለውም።”

መሌ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጄሪካን አየ።

“እሺ፣ ጋሼ” አለ።